ካርታውን የሚያውቅ ልጅ ኖርማንዲ ሲደርስ

ከፓሪስ የሳን ላዛር ጣቢያ የሚነሳው ባቡር ከሁለት ሰዓት ትንሽ በበለጠ ጊዜ ባዩ ከምትባል ከተማ ያደርሳል። ከባዩ እስከ ባሕሩ ዳርቻ በመኪና ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙ በቁጥቋጦና በዛፍ አጥር የተከፋፈለ ማሳ። ፖም ይበቅልበታል፤ የሰቡ ላሞች ይግጡበታል። የአካባቢው ቅቤና አይብ በመላው ፈረንሳይ ስም አለው። በክረምት ሱሉልታን ያየ ሰው ልምላሜው ብዙም አይገርመው ይሆናል፤ ጸጥታው ግን ይገርመዋል።

አገሩ ኖርማንዲ ይባላል። ግንቦት 29 ቀን 1936 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጁን 6 ቀን 1944፣ ከ150,000 በላይ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የካናዳና የሌሎች አገሮች ወታደሮች በአንድ ቀን ከባሕርና ከሰማይ የወረዱበት ቦታ ነው። 80 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው የባሕር ዳርቻ በአምስት ተከፍሎ ለእያንዳንዱ የምስጢር ስም ወጥቶለት ነበር፦ ዩታ፣ ኦማሃ፣ ጎልድ፣ ጁኖ፣ ሶርድ። ፈረንሳይን ከናዚ ጀርመን እጅ የማውጣቱ ሥራ ከዚህ ጀመረ።

እኔ ይህን የማውቀው ከትምህርት ቤት የታሪክ መጽሐፍ ነው። ፓሪስ ተወልዶ ያደገው የ15 ዓመቱ የእህቴ ልጅ ግን ከእኔ በተሻለ ያውቀዋል። ያወቀውም ኮል ኦፍ ዲዩቲ በተባለው የቪዲዮ ጌም ነው።

ጌሙን አይተው ለማያውቁ አያቶች ትንሽ ልግለጽ። ተጫዋቹ ስክሪኑ ላይ ራሱን አያይም። የሚያየው ከፊቱ የተደቀነውን ጠመንጃና ጠመንጃውን የያዙትን እጆች ነው። ጦርነቱን በወታደሩ ዓይን እያየ ይሮጣል፣ ይደበቃል፣ ይተኩሳል። በኢንተርኔት ከሌሎች ልጆች ጋር ሲጫወት ደግሞ ተመትቶ ቢወድቅ ጥቂት ሴኮንድ ቆይቶ ተነስቶ ይቀጥላል። በ2017 የወጣውና ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሚናገረው ክፍል ታሪኩን የሚጀምረው ከኦማሃ ዳርቻ ነው። ፖንት ዱ ኦክ የሚባለው ገደልና ሳንት ማሪ ዱ ሞን የምትባለው መንደርም በጌሙ ውስጥ መዋጊያ ካርታዎች ናቸው። በአውሮፓ ሳጥኑ ላይ 18 የሚል ቁጥር ተለጥፎበታል፤ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይደለም ማለት ነው። በእኛ ሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤቶች ግን ሳጥኑን ገልብጦ የሚያይ ብዙም የለም።

ይህ ዓይነት ጌም የፊልም ልጅ ነው። ስቲቨን ስፒልበርግ በ1998 ሴቪንግ ፕራይቬት ራያን የተባለውን ፊልም ሠራ፤ የኦማሃን ውጊያ የሚያሳየው መጀመሪያው ብዙ ሰው አስደነገጠ። በማግስቱ ዓመት እርሱ ራሱ ሐሳቡን ያመነጨው ሜዳል ኦፍ ኦነር የተባለ ጌም ወጣ። በ2002 ከተከታዮቹ አንዱ ተጫዋቹን ኦማሃ ዳርቻ ላይ አወረደው። ያንን ከሠሩት ባለሙያዎች ብዙዎቹ ወጥተው ሌላ ድርጅት አቋቋሙና በ2003 የመጀመሪያውን ኮል ኦፍ ዲዩቲ አወጡ። የሚገርመው፣ የፊልሙ የኦማሃ ትዕይንት የተቀረጸው ኖርማንዲ ሳይሆን አየርላንድ ነው። ልጆቻችን ኦማሃ ብለው በዓይነ ሕሊናቸው የሚያዩት አሸዋ ከፊሉ የሌላ አገር አሸዋ ነው ማለት ይቻላል።

ወደዚያ የሄድነው ለመዝናናት ብቻ አልነበረም። ልጁ ክረምቱን አዲስ አበባ አያቱ ጋር ሲያሳልፍ ማሽኑን ይዞ መጥቶ ሳሎን ካለው ቴሌቪዥን ጋር አገናኘው። ተኩሱ በጀመረ ቁጥር እናቴ ምንም ሳትናገር ነጠላዋን አንስታ ወደ ጓሮ ትወጣለች። ቴሌቪዥኑ በላይ ግድግዳው ላይ የታላቅ ወንድማችን ፎቶግራፍ አለ፤ የወታደር ልብስ ለብሶ የተነሳው። በ1991 ዓ.ም. ወደ ሰሜን ግንባር ሄዶ አልተመለሰም። መርዶው መጣ፤ አስከሬን ግን አልመጣም፤ የተቀበረበትን ቦታም አናውቅም። እናቴ ስለ እርሱ አታወራም፤ እኛም አንጠይቃትም።

ልጁ ይህን አያውቅም። እህቴ "ይሄን ማሽን ወስጄ ነው የምጥለው" ስትለው "ታሪክ እኮ ነው፣ እማ" ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ከልባቸው ነው የሚናገሩት። ክርክሩ ፓሪስም ድረስ ተከትሏቸው ሄደ። እኔ ባለፈው ሐምሌ ልጠይቃቸው በሄድኩ ጊዜ፣ ታሪኩ ያለበት ቦታ የሁለት ሰዓት መንገድ ከሆነ ለምን ሄደን አናየውም አልኩ። ልጁ ገና ሳልጨርስ ጫማውን ይፈልግ ነበር።

መጀመሪያ የደረስነው ኦማሃ ነው፤ ቪየርቪል ከሚባለው መንደር በታች። ባሕሩ ሸሽቶ ስለነበር አሸዋው ሰፊና ጠፍጣፋ ሆኖ ተዘርግቷል። ቤተሰቦች ምንጣፍ አንጥፈው ዳቦ ይበላሉ። ሕጻናት በባልዲ የአሸዋ ቤት ይሠራሉ። ከጀርባ ሣር የለበሰ ጉብታ ቆሟል፤ ሣሩ መሐል አሮጌ የሲሚንቶ ምሽጎች ይታያሉ። ልጁ ወዲያውኑ አወቃቸው። "ከዚያ ነው መትረየሱ የሚተኩሰው፤ እዚህ ጋ ደግሞ መውጫው አለ" እያለ ጣቱን ይቀስራል። ልክ ነበር። ቪየርቪል ወደ ጉብታው የሚያወጣው መንገድ ያለበት ቦታ ነው፤ ጀርመኖችም አጥብቀው የጠበቁት ለዚሁ ነው።

ቀጥሎ ግን ዝም አለ። "አክስቴ፣ በጣም ሰፊ ነው" አለኝ። በጌሙ ይህን አሸዋ ለማለፍ የሚፈጀው ጊዜ ትንሽ ነው። እርሱ ከውኃው ጠርዝ ተነስቶ እስከ ጉብታው ሥር በሩጫ ሞከረው፤ ስኒከር አድርጎ፣ ምንም ሳይሸከም። መሐል ላይ ሲደርስ እርምጃ ጀመረ። የዚያን ቀን ወታደሮች ውኃ የጠጣ ልብስና 30 ኪሎ ገደማ፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በላይ፣ ጓዝ ይዘው ነበር። ብዙዎቹ ሌሊቱን ሙሉ በማዕበል ሲያስታውኩ አድረዋል።

ሌላም ጌሙ ያላስተማረው ነገር ነበር፤ ባሕሩ ይመለሳል። የመጀመሪያዎቹ ወታደሮች የወረዱት ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ውኃው ሸሽቶ ሳለ ነው፤ ጀርመኖች አሸዋው ላይ የተከሏቸው የብረትና የእንጨት መሰናክሎች እንዲታዩ ታስቦ። ከዚያ በኋላ ውኃው በፍጥነት መሙላት ጀመረ። ቆስለው አሸዋው ላይ የወደቁና መንቀሳቀስ ያቃታቸው ሰዎች ጥይት ሳይሆን ባሕር ገደላቸው። በዚያ ቀን በኦማሃ ብቻ ከ2,000 በላይ አሜሪካውያን ሞተዋል፣ ቆስለዋል ወይም ጠፍተዋል። እኛ ሳንድዊቻችንን በልተን እስክንጨርስ የሕጻናቱ የአሸዋ ቤት ግማሹ ውኃ ውስጥ ገብቶ ነበር። ልጁ እርሱን ነበር የሚያየው።

ከዳርቻው በላይ ኮልቪል በሚባለው መንደር የአሜሪካውያን መካነ መቃብር አለ። ወደ 70 ሄክታር የሚሆነው ቦታ የተስተካከለ ሣርና ነጭ እብነ በረድ ነው። ከ9,300 በላይ ሰዎች አርፈውበታል። መስቀሎቹ መሐል የዳዊት ኮከብ የተደረገባቸው የአይሁዳውያን ወታደሮች መቃብሮችም አሉ። ተቀምጦ ለሚያይ ሰው ረድፎቹ ከየትኛውም አቅጣጫ ቀጥ ያሉ ናቸው። ናይላንድ የተባሉ ሁለት ወንድማማቾች ጎን ለጎን ተቀብረዋል፤ የስፒልበርግ ፊልም መነሻ ያደረገው የዚህን ቤተሰብ ታሪክ ነው። ልጁ ፊልሙን ያውቃል፤ ስማቸውን ግን ያነበበው ገና አሁን ነው።

በመካነ መቃብሩ ጫፍ ግማሽ ክብ የሆነ ግድግዳ አለ። የ1,557 ሰዎች ስም ተቀርጾበታል፤ አስከሬናቸው ያልተገኘ ወይም ያልታወቀ ሰዎች ናቸው። ከአንዳንዱ ስም አጠገብ ትንሽ የነሐስ ጽጌረዳ ተለጥፋለች። ይህ ሰው ከጊዜ በኋላ ተገኝቷል፣ ማንነቱም ታውቋል ማለት ነው። እህቴ ግድግዳው ፊት ቆማ ቀረች። እኔም የማስበው ምን እንደምታስብ ነበር። ልጁ መጥቶ "እዚህ የሚያውቁት ሰው አለ እንዴ?" አለን፤ መቀለዱ ነበር። እህቴ "እዚህስ የለም" አለችው። ከዚያም ስለ አጎቱ ነገረችው፤ በሦስት ወይም በአራት ዓረፍተ ነገር፣ ድምጿን ሳትቀይር። ፎቶግራፉን በየክረምቱ ያየዋል፤ ግንባር እንደሞተም ይሰማል። መቃብር እንደሌለው ግን አያውቅም ነበር።

ትንሽ ቆይቶ "እኛስ እንዲህ ዓይነት ግድግዳ አለን? ስሙ የተጻፈበት?" ብሎ ጠየቀ። ማናችንም አልመለስንለትም። የእርሱ ስም የተጻፈበትን ቦታ አናውቅም። ያለን ሳሎን ውስጥ ያለው ፎቶግራፍ ነው።

ከኦማሃ ወደ ምዕራብ ትንሽ እንደሄዱ ፖንት ዱ ኦክ ይደረሳል። ባሕሩ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ 30 ሜትር ገደማ ገደል ነው። በሌተና ኮሎኔል ጄምስ ራደር የሚመሩ 225 የአሜሪካ ሬንጀሮች በገመድና በመሰላል ወጥተውበታል። ዓላማቸው ገደሉ ላይ አሉ የተባሉትን ባለ 155 ሚሊ ሜትር መድፎች ማጥፋት ነበር። ሲወጡ መድፎቹ የሉም፤ ጀርመኖች ወደ ውስጥ አሽሽተዋቸው ነበር። ሬንጀሮቹ ፈልገው አገኟቸውና ከጥቅም ውጭ አደረጓቸው። ከሁለት ቀን በኋላ ረዳት ጦር ሲደርስላቸው መዋጋት የሚችሉት 90 ያህሉ ብቻ ነበሩ።

ልጁ ስለዚህ ቦታ ከእኔ አስጎብኚ መጽሐፍ በላይ ያውቃል። የትኛው ምሽግ የት እንዳለ፣ ከየት ወደ የት እንደሚኬድ ሳይሳሳት ይመራናል። እህቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላ ተከተለችው። እውነቱን መናገር ያስፈልጋል፤ ያ ሁሉ ሰዓት ስክሪን ፊት ተቀምጦ የተማረው ነገር ነበረ። መሬቱ ግን ዛሬም በቦምብ የተቆፈረ ነው። ከ80 ዓመት በኋላ ሣር የበቀለባቸው ጉድጓዶች ሰው ቆሞ የሚያስውጡ ናቸው። ልጁ አንዱ ውስጥ ወርዶ ቆመ፤ ከላይ ሆነን የምናየው ጸጉሩን ብቻ ነበር።

የጌሙ መንደሮች ውስጥ የመንደር ሰው እምብዛም አይታይም። ነገር ግን እነዚህ ቤቶች ሁሉ ባለቤት ነበራቸው። በኖርማንዲው ዘመቻ ወደ 20,000 የሚጠጉ ፈረንሳውያን ሲቪሎች ሞተዋል፤ ብዙዎቹ ነጻ ሊያወጧቸው በመጡት አውሮፕላኖች ቦምብ። ሳን ሎ የምትባለው ከተማ ከሞላ ጎደል ፈርሳለች። ፋሌዝ በምትባለው ከተማ ለእነዚህ ሰዎች መታሰቢያ የሆነ ሙዚየም ቆሟል። በአንድ ቀን ሁሉን ማዳረስ ስለማይቻል እኛ አልሄድንበትም፤ ጊዜ ያለው ቤተሰብ ግን ቢያየው መልካም ነው።

በዋናው መንገድ ዳር ላ ካምብ የሚባል የጀርመኖች መካነ መቃብር አለ። ከ21,000 በላይ ሰዎች ተቀብረውበታል። ነጭ እብነ በረድ የለም። ጥቋቁር አጫጭር የድንጋይ መስቀሎች አምስት አምስት ሆነው ቆመዋል፤ ስሞቹ መሬት ላይ በተነጠፈ ድንጋይ ላይ ነው ያሉት። ለማንበብ ማጎንበስ ያስፈልጋል። ልጁ የተወለዱበትንና የሞቱበትን ዓመት እያቀናነሰ ሄደ። 19፣ 18፣ 17። "ከእኔ በሁለት ዓመት ነው የሚበልጠው" አለ ስለ አንዱ።

ከዚያም አስቸጋሪውን ጥያቄ አመጣ። "እነዚህ ናዚዎች አይደሉም እንዴ?" እህቴ ያዋጉት ሰዎች ዓላማ ክፉ እንደነበር፣ ከተቀበሩትም ውስጥ ያንን ዓላማ ከልቡ ያመነበት እንደሚኖር፣ ተገዶ የመጣም እንደሚኖር ነገረችው። "ሁሉም ግን እናት አላቸው" አለችው። ወንድማችን በወደቀበት ጦርነትም በወዲያኛው በኩል ልጃቸውን የሚጠብቁ እናቶች ነበሩ። ይህን ጮክ ብላ አላለችውም፤ እኔ ግን ሰማኋት።

የመጨረሻው ማረፊያችን አንጎቪል ኦ ፕላን የምትባል፣ በመኪና ሳያዩ የሚያልፏት ትንሽ መንደር ናት። ልጁ በካርታው ከሚያውቃት ከሳንት ማሪ ዱ ሞን ብዙ አትርቅም፤ ስሟን ግን ሰምቶ አያውቅም። የድንጋይ ቤተ ክርስቲያኗ አሮጌና ትንሽ ናት። ሮበርት ራይትና ኬኔት ሙር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የጦር ሜዳ ሐኪም ረዳቶች በዚያ ሌሊት በፓራሹት ወርደው ቤተ ክርስቲያኗን ወደ ሕክምና ቦታ ቀየሯት። በሩ ላይ ቀይ መስቀል ሰቀሉ። አሜሪካዊም ጀርመናዊም ቁስለኛ ይቀበላሉ፤ መሣሪያ ይዞ መግባት ግን ክልክል ነው። መንደሯ ከአንዱ ጦር እጅ ወደ ሌላው ስትገለባበጥ አንድ ጀርመናዊ መኮንን ገብቶ አየ። የራሱም ሰዎች እንደሚታከሙ ሲመለከት ትቷቸው ወጣ። በጣሪያው በኩል የገባ አንድ ተተኳሽ ወለሉን ሰንጥቆ ሳይፈነዳ ቀረ። ሁለቱ ሰዎች 80 ያህል ቁስለኞችን አከሙ። ስንጥቁ ዛሬም አለ። ቁስለኞቹ የተኙባቸው የእንጨት መቀመጫዎች ላይም የደሙ ምልክት አለ፤ ጠቆር ብሎ እንጨቱ ውስጥ ሰርጎ ቀርቷል።

እዚያ ብዙ ቆየን። ልጁ እጁን መቀመጫው ላይ አድርጎ ነበር። "ጌሙ ውስጥ ሐኪሙ መድኃኒት ይወረውርልሃል፣ ከዚያ ተነስተህ ትተኩሳለህ" አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

ማታ ባቡር ውስጥ ሆኖ አያቱ ጋር ደወለ። እንደ ሁልጊዜው "እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ በልተሃል?" ከተባለ በኋላ፣ "እማማ፣ አጎቴ ሲሄድ ስንት ኪሎ ተሸክሞ ነበር?" ብሎ ጠየቃት። እህቴ ስልኩን ልትቀማው እጇን ዘረጋች። እናቴ ግን መለሰችለት። ኪሎውን እንደማታውቅ፣ ግን ጋቢ አጥባ፣ አጥፋ ሰጥታው እንደነበር፣ "ይከብደኛል እማዬ፣ ስመለስ እለብሰዋለሁ" ብሎ አልጋው ላይ ትቶት እንደሄደ ነገረችው። ጋቢው እስካሁን ሳጥን ውስጥ ነው። እኔና እህቴ ይህን ሰምተን አናውቅም ነበር። እናታችን ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ያልነገረችንን ለልጁ የነገረችው እርሱ ስለጠየቃት ይመስለኛል።

ልጁ ጌሙን አልተወም። ይህን የምለው ከጉዞ በኋላ ልጆች ፈጽመው ይለወጣሉ ብዬ ማንንም እንዳላሳስት ነው። ነገር ግን እህቴና እርሱ ተስማምተዋል። 18 የተጻፈበትን እስኪደርስበት ድረስ ብቻውን አይጫወትም፤ ሲጫወት እናቱ አጠገቡ ትቀመጣለች፤ አያቱ ቤት ደግሞ ማሽኑ አይመጣም። የመጨረሻውን ሐሳብ ያመጣው ራሱ ነው።

መሄድ ለሚችሉ ቤተሰቦች፣ የኮልቪል መካነ መቃብር መግቢያው ነጻ ነው፤ ዝግ የሚሆነው በፈረንጆቹ ዲሴምበር 25ና ጃንዋሪ 1 ነው። ኦማሃን ባሕሩ ሸሽቶ ሳለ ማየት ስለሚሻል የውኃውን ሰዓት አስቀድሞ መጠየቅ ይጠቅማል። ከባዩ ወዲያ መኪና ቢኖር ይመረጣል፤ አንጎቪልን በአውቶቡስ ማዳረስ ከባድ ነው።

አብዛኞቻችን ግን ኖርማንዲ አንሄድም። ልጁ ግን ሳሎናችን ውስጥ ወይም መንገድ ማዶ ካለው ፕሌይስቴሽን ቤት ተቀምጧል። ጆይስቲኩን ከእጁ ከመንጠቅ በፊት ወንበር ስበን አጠገቡ ብንቀመጥ፣ ይህ ቦታ የት ነው፣ እዚህ ቤት ውስጥ ማን ይኖር ነበር፣ የቆሰሉትን ማን አነሳቸው ብለን ብንጠይቀው፣ የሚያውቀውን በደስታ ይነግረናል። የማያውቀውንም መልሶ ይጠይቀናል። ያን ጊዜ ግድግዳችን ላይ ያሉት ፎቶግራፎች የማን እንደሆኑ፣ ሲሄዱ ምን ትተው እንደሄዱ መንገር የእኛ ተራ ይሆናል።